አያቴ መኪና ያለበሱበት ዓመት

ባለፈው ማክሰኞ ከፈረስ መጋላ ወደ ቤቴ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መቀመጫው አዲስ የተሰፋ ነበር። ማስቲሹ ገና አልደረቀም። ፀሐይ የመታው ፕላስቲክም የራሱን ሽታ ጨምሮበታል። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ "ማዘር፣ ሽታው ከበደዎት እንዴ? ዛሬ ጠዋት ነው ከሰፊ ያወጣሁት" አለኝ። አልከበደኝም አልኩት። ሰፈሬ አቦከር እስክንደርስ እጄን መቀመጫው ላይ አሳርፌ ስፌቱን በጣቴ ስከተል ቆየሁ። ራቅ ራቅ ያለ ስፌት ነው። ሰፊው ሥራውን ያውቃል አልኩ በልቤ።

እኔ ስፌት አልተማርኩም። ስለ ፕላስቲክ ስፌት ያለኝ እውቀት በሙሉ የአንድ ሁዳዴ ነው። አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ይቀረኝ ነበር።

አያቴ አቶ ተሰማ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። አባታቸው ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ሐረር የገቡ የኮርቻ ባለሙያ ናቸው፤ ሙያቸውን ለልጃቸው አወረሱ። እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ሞታ፣ አባቴም ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ስለነበረ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አባባ ነበር የምላቸው። ቤታችን ከፈረስ መጋላ ጥግ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ነበር። የፊተኛው ክፍል ሱቃቸው ነው፤ በኋለኛው እንተኛለን።

ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ነበር ይባላል። እኔ ስደርስ ግን ፈረስ የለም፤ ታክሲ ነው የሚቆምበት። በራችን አጠገብ ግድግዳው ውስጥ የተተከለ የፈረስ ማሰሪያ ቀለበት ዝጎ ቀርቶ ነበር። እኔ የመዝለያ ገመዴን ጫፍ አስርበታለሁ። ሱቁ ውስጥ ሦስት ኮርቻዎች ተሰቅለዋል። ሲወርዱ ያየኋቸው አቧራቸው ሊራገፍ ብቻ ነው። አባባ የሚውሉት የሴት ቦርሳ እጀታ ሲጠግኑ፣ የተማሪ ኳስ ሲሰፉ፣ ከሶፊ ገጠር የሚመጡ ገበሬዎች የሚያመጡትን የጭነት ጠፍር ሲቀጥሉ ነው። ለኳሱም ቢሆን ለኮርቻ በሚጠነቀቁት ልክ ይጠነቀቁ ነበር።

ትምህርት ቤት አንዳንድ ልጆች የፋቂ ልጅ ይሉኛል። አንድ ቀን እያለቀስኩ ገብቼ ነገርኳቸው። አባባ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ ያለ ፋቂ ራስም ደጃዝማችም ፈረሱን በባዶ ጀርባው ነው የሚጋልበው ብለሽ መልሺላቸው አሉኝ። መለስኩላቸው። ስድባቸው ግን አልቀረም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ዋሉ። ከተማው በሙሉ ጾመኛ ሆነ። አባባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ፀሐይ እስክትገባ። እኔ የመጀመሪያ ጾሜ ስለነበር እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው የተፈቀደልኝ፤ ሆኖም ማንም ባየኝ ቁጥር ከንፈሬ የደረቀ እንዲመስል አደርግ ነበር።

መኪናው የመጣው በጾሙ መጀመሪያ ሰሞን ነው። ያመጡት ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሲሠራ ቆይቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዝተውት ነው። ነጭ መኪና ነው፤ ውስጡ ቀይ። ጣራ የለውም። እኔ ጣራው ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ተጣጥፎ እንደተኛ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ሐጂ ዩሱፍ ጉድለት ያለበት ዕቃ ተሸጦላቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። አዋቂ ሰው በአደባባይ ሲታለል ማየት አሳፈረኝና ፊቴን አዞርኩ።

ቀዩ የወንበር ልብስ ቆዳ መስሎ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ ሰነጣጥቆት ስፖንጁ በየስንጥቁ ብቅ ብሏል። የበሮቹም የውስጥ ሽፋን ተላቆ ተንጠልጥሏል። ሐጂ ዩሱፍ አዲስ ቀይ ፕላስቲክ ከጅቡቲ በጥቅል አስመጥተው በሸክም አምጥተዋል። አንድ ጥቅል ብቻ ነው፤ ሌላ የለም።

"አቶ ተሰማ፣" አሉ፣ "ልጄን ከሸዋሊድ በኋላ እድራለሁ፣ ኢንሻ አላህ። ሙሽራው ጀጎልን የሚዞረው በዚህ መኪና ነው። ድሬዳዋ ውሰደው ያላለኝ ሰው የለም። ግን አባቴ የተዳሩበትን ኮርቻ የሰፉት የእርስዎ አባት ናቸው። ልጄን ሌላ ሰው በሰፋው ላይ አላስቀምጥም።"

አባባ መኪናውን ዞረው አዩት። ፈረስ እንደሚያዩ ነው ያዩት፤ በጎኑ ቀርበው፣ እጃቸውን ጀርባው ላይ አሳርፈው። ከዚያ ጥቅሉን ከፍተው ጫፉን አሸተቱ፤ በጥርሳቸውም ያዝ አደረጉት።

"ሐጂ፣ ይህን ጅብ ይበላዋል?" ብለው ጠየቁ።

"ለጅብ ምን ያደርግለታል? ፕላስቲክ ነው።"

"ጅብ የማይበላው ቆዳ ምን ቆዳ ነው?" አሉ አባባ።

ሐጂ ዩሱፍ ሳቁ። ለእኛ ቤት ግን ቀልድ አልነበረም። ቆዳችንን ጅብ እንዳይበላው በየማታው ከጣራው ማገር ላይ ስንሰቅል ነው የኖርነው። ያን ቀይ ጥቅል ግን ደጅ ብንተወው የሚነካው እንደሌለ ስሰማ ለአባባ ሥራ አንድ ክብር የጎደለው መሰለኝ።

ቢሆንም እሺ አሉ።

በዚያው ከሰዓት ሙሜ መጣ። ሙሜ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የሚሠራ ሠላሳ ዓመት የሞላው ያልሞላው ልብስ ሰፊ ነው። በልጅነቱ አባባ ክር በሰም ማሸት አስተምረውት ስለነበር እንደ አባት ያያቸዋል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። አባባ ቀስ ብለው ሲነግሩት ሰማሁ። ይህ ከወጣልኝ ወጣልኝ አሉት። ካልወጣልኝ ግን እጄ በቃው ማለት ነው፤ ወስፌዬን አስቀምጬ ገዳም እገባለሁ፤ ልጅቷን ድሬዳዋ ያለችው ልጄ ትወስዳታለች አሉት።

ሙሜ ምን እንደመለሰ አላስታውስም። እርሳሴ እጄ ላይ እንደቀረ አስታውሳለሁ።

ገዳም ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። የጎረቤታችን የእማማ በላይነሽ ባል ከሁለት ዓመት በፊት ገዳም ገብተዋል። የሄዱ ዕለት ሴቶች በራቸው ላይ ቆመው እንደ ለቅሶ አልቅሰዋል። ሰውየው ቦርሳ አንግተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ድርቆሽ በጨርቅ ቋጥረው በእግራቸው ሄዱ። አልተመለሱም። እኔም ገዳም ማለት ሰው ራሱ በእግሩ ሄዶ የሚሞተው ሞት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለዚህም ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ቦርሳ፣ መቋሚያና ድርቆሽ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመጀመሪያ የማየው ሱቁ ጥግ የቆመውን መቋሚያቸውን ነበር።

ሥራው ተጀመረ። መኪናው በራችን ላይ ሸራ ለብሶ ቆመ። አባባ አሮጌውን ልብስ እየነቀሉ ያቀብሉኛል፤ እኔ በጀርባው ላይ በጠመኔ ቁጥር እጽፋለሁ። የነቀሉትን ትንንሽ ሚስማር በመዶሻ አቀናለሁ። አሮጌው ልብስ ልኩ እንዳይጠፋ ድንጋይ ተጭኖበት መሬት ላይ ተዘረጋ። ሥራ ሳጣ ከአጠገቡ ተቀምጬ በስፌቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ሣር አሾልክ ነበር።

አባባ አዲሱን ፕላስቲክ እንደ ቆዳ ነው የያዙት። ሌላ አያያዝ አያውቁም። በመጀመሪያ አንዱን ቁራጭ ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሩት። ጠዋት ከነውኃው በወንበሩ ላይ ወጥረው ቸነከሩት። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጠብቃል አሉኝ። እኔም ትምህርት ቤት ሆኜ ስለሱ ሳስብ ዋልኩ። ስመለስ ደርቋል፤ ግን እንደተቸነከረ ልል ነው። በጣቴ ስጫነው ተንጠራርቶ ተመለሰ።

አባባ ቀጥለው በቅቤ አሹት። ቆዳ በቅቤ ሲታሽ ይለሰልሳል፤ አይሰነጠቅም። በሁዳዴ ቤታችን ቅቤ የሚገባው ለዚህ ብቻ ነበር። እኔ ጣቴን እንዳልልስ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ቆሜ አየሁ። ቅቤው ፕላስቲኩ ውስጥ አልገባም። ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ ላይ ቀለጠ፤ የፈረስ መጋላ አቧራ ሁሉ መጥቶ ተለጠፈበት፤ ዝንብም ሰፈረበት። ሙሜ ከሥራ ሲመለስ አይቶ አፉን በእጁ ሸፈነ።

"አባባ ተሰማ፣ መኪናዋን ሊጠብሷት ነው?" አለ። "ሁላችንን በጾም ይዘው ለእሷ ብቻ ቅቤ!"

አባባ ራሳቸውም ሳቁ። በሳሙና አጥበን ስንጨርስ ግን ሳቃቸው አልቆየም። ፕላስቲኩን ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ ለረጅም ጊዜ ያዩት ነበር፤ ጠይቀውት ያልመለሰላቸው ሰው ይመስል።

ከዚያ የኋላውን ወንበር መስፋት ጀመሩ። ይህ ትልቁ ቁራጭ ነው። ሳምንት ፈጀባቸው። በወስፌ ይወጋሉ፤ በሰም የታሸ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ ያሻግራሉ፤ ይጎትታሉ። ስፌታቸው የጉንዳን መንገድ ይመስል ነበር፤ በአንዱና በአንዱ መካከል የመርፌ ራስ አይገባም። መንገደኛው ቆሞ ያደንቃል። አባባ በዚያ ሳምንት ቀና ብለው ይሄዱ ነበር። እኔም መቋሚያውን ማየት ረሳሁ።

የገጠሙት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሙሜ በአንድ ጎን፣ አባባ በሌላ ጎን ሆነው ልብሱን በሞላዎቹ ላይ ሳቡት። ፕላስቲክ ሲቀደድ ድምፁ እንደ ጨርቅ አይደለም። ከደብተር ላይ ወረቀት ሲገነጠል እንደሚሰማው ነው። በስፌቱ መስመር ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ሙሜ የያዘውን ጫፍ መልቀቅ አልቻለም። አባባ በእጃቸው የቀረውን ቁራጭ አዩ፤ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ወስፌያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያው ውስጥ ከተቱ።

"በቃ" አሉ። ሙሜም ሳይሰናበት ሄደ።

በሚቀጥሉት ቀናት ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። አባባ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ተመልሰው በኋለኛው ክፍል ይቀመጣሉ። ለሐጂ ዩሱፍ ምን እንደሚሉ አልነገሩኝም። ለድሬዳዋዋ አክስቴ ደብዳቤ ሲጽፉ ግን አየሁ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ከተቀደደው ቀይ ፕላስቲክ ቆርጠው በመርፌ አንድ ነገር ይሰፋሉ። እግሬን ሲሰሙ ፍራሹ ሥር ከተቱት። ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ፍራሹን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቦርሳ ነው። ማንገቻ አለው።

አንዱ ነገር ተገኘ ማለት ነው። ድርቆሽ በአንድ ቀን ይደርቃል። መቋሚያው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ያለ መቋሚያ ደግሞ ገዳም የገባ ሰው አላየሁም። ስለዚህ መቋሚያውን ወሰድኩት። ቤታችን ውስጥ ይህን የሚያህል እንጨት የሚሸሸግበት ቦታ የለም። ደጅ ወጣሁ፤ ሸራውን አነሳሁ፤ አሮጌው ልብስ ሲነቀል ካየሁት ከተጣጠፈው የመኪናው ጣራ እጥፋት ውስጥ አጋድሜ ሸጎጥኩት። ልክ ገባ።

አባባ በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሁሉ ፈለጉ። "አይጥ መቋሚያ መብላት ጀመረ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም አልኩ። በጾም የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸቴ ነው። ያለ መቋሚያ ሄዱና ቅዳሴውን ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

የተቀደደው ቁራጭና አሮጌው ልብስ ጎን ለጎን መሬት ላይ ነበሩ። ከአሮጌው ጋር ብዙ ስለተጫወትኩ ቀዳዳዎቹን አውቃቸዋለሁ። በስንዝሬ ለካሁ። በአንድ ስንዝር ውስጥ የአሮጌው ቀዳዳ ከሃያ አይበልጥም። የአባባ ከስልሳ በላይ ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አንድ ነገር እንዳገኘሁ ገባኝ። ለአባባ ግን ልነግር አልችልም። ልጅ ታላቁን ስፌትዎ ተሳስቷል አይልም፤ ያውም ኮርቻ ሰፊውን አቶ ተሰማን።

ሁለቱንም ቁራጭ ጠቅልዬ መኪና ግርግር ሄድኩ። የስፌት መኪናዎቹ ከግራና ከቀኝ ሲጮሁ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። ሙሜ ፔዳሉን አቆመና ያሳየሁትን አየ። ጣቱን አንዴ በአሮጌው፣ አንዴ በአዲሱ ላይ አስኬደ።

"አቦ፣ አንቺ ልጅ!" አለ። "ልክ ነሽ።"

"ንገርላቸው" አልኩት።

"እኔ? ክር ማሸት ያስተማሩኝን ሰውዬ ስፌት ላስተምር? ነውር ነው።"

"ገዳም ሊገቡ ነው።"

ሙሜ ከወንበሩ ሥር ካለው ቁርጥራጭ ውስጥ ትንሽ ፕላስቲክ አወጣ፤ የስፌት መኪናው ላይ አድርጎ ስፌቱን ሆነ ብሎ አጠበበና ሰፋው። በሁለት እጁ ሲስበው ተቀደደ። "ሂጂ" አለኝ። "አላየሽኝም።"

ከሰዓት በኋላ የተቀደደውን ቁራጩን ይዞ መጣ። ፊቱን አዝኖ የመጣ ሰው አስመስሏል። ከእግዚአብሔር ሰላምታ በኋላ፣ አባባ ተሰማ፣ ለአንድ ሰው የፕላስቲክ ትራስ ልስፋልህ ብዬ ተቀብዬው ተቀደደብኝ፤ ምን እንደሆነ ቢያዩልኝ አለ። አባባ መጀመሪያ እኔ ምን አውቄ ብለው እጃቸውን አላነሱም። ሙሜ አልሄደም። ቁራጩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠውና ተቀመጠ።

አባባ ቆይተው አነሱት። ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ከዚያ ተነስተው አሮጌውን ልብስ አመጡና ጎን ለጎን ዘረጉ። ጥፍራቸውን በቀዳዳዎቹ ላይ ቀስ እያሉ አስኬዱ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ አያለሁ።

"ሙሜ፣ ይኸ ነገር ቆዳ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ቆዳ ነፍስ የነበረበት ነው። ስትወጋው ቁስሉን መልሶ ይገጥማል፤ ክሩን ይይዘዋል። ይኸ ግን አንዴ ከተወጋ ተወጋ ነው። ቀዳዳው አይሽርም። እኔ ስፌት አበዛሁ ብዬ ቁስል ነው ያበዛሁበት። ጥቂት ነው መውጋት። አራርቆ።"

"እኔ እንዴት አላየሁትም?" አለ ሙሜ።

አባባ እሱ ከወጣ በኋላ በሩን እያዩ፣ "ይህ ልጅ ውሸት አይችልበትም። በረመዳን ባይሞክረው ይሻል ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ወስፌው ከጨርቁ ወጣ። ሙሜ የስፌት መኪናውን በሸክም አስመጥቶ ሱቃችን ውስጥ ተከለው። ለተቀደደው ምትክ የሚሆን ሙሉ ቁራጭ ስላልቀረ አባባ የኋላውን ወንበር ከሦስት ቦታ ከፋፍለው፣ በመጋጠሚያው ላይ ነጭ ጠርዝ አስገቡበት። ፕላስቲኩን እኩለ ቀን ላይ በጋለው የድንጋይ ግንብ ላይ ያሰጡታል፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ፈጥነው ይገጥሙታል፤ ሲበርድ ራሱ ይጠብቃል። ከበሮው የመጣው በውኃ ሳይሆን በፀሐይ ሆነ። ማስቲሽ መቀባቱ የእኔ ሥራ ነበር። ጣቶቼ እየተጣበቁ ትምህርት ቤት ደብተሬን መግለጥ ያቅተኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ አባባ ውኃ ቀድተው፣ ሦስት ቴምር በሳህን አድርገው ከሙሜ አጠገብ ያስቀምጣሉ። አዛን ሲሰማ ሙሜ ፔዳሉን ያቆማል። "ቢስሚላህ" ይላል። እስኪጠጣ ድረስ አባባ ሥራቸውን አይነኩም፤ ቆመው ይጠብቁታል።

ረመዳን አልፎ፣ ከኢድ ሳምንት በኋላ የሚውለው የሐረሪዎች በዓል ሸዋሊድም አልፎ መኪናው ከሠርጉ በፊት በነበረው ቀን አለቀ። ሐጂ ዩሱፍ በእጃቸው የኋላውን ወንበር ጫን ጫን አደረጉ። ነጩን ጠርዝ በጣታቸው ተከተሉት። "ማሻ አላህ" አሉ። "አቶ ተሰማ፣ ፈረንጁ እንዲህ አድርጎ አልነበረውም።" አባባ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ያ ማለት ደስ ብሏቸዋል ማለት ነው።

መኪናው ተነስቶ ታክሲዎቹ መካከል ሲገባ ነው ያስታወስኩት። ጣራው እንደታጠፈ ነው። መቋሚያው ውስጡ ነው።

በማግስቱ ሙሽራውን ለማየት ከሰፈር ልጆች ጋር ከግንቡ ውጭ ቆምን። ነጩ መኪና ጀጎልን እየዞረ መጣ። ከበሮ ይመታል፤ እልል ይባላል። ሙሽራው በቀዩ ወንበር ላይ ነጭ ለብሶ ተቀምጧል። ልክ ከፊታችን ሲደርስ ዝናብ ጣለ። ሹፌሩ ወርዶ ጣራውን ከኋላ ሳበው። ጣራው ሲዘረጋ የአባባ መቋሚያ ከእጥፋቱ ወጥቶ ሙሽራው ጭን ላይ ወደቀ። ሙሽራው አነሳው፤ አገላብጦ አየው፤ ለሚዜው አሳየው። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እኔ በዝናብ ወደ ቤት ሮጥኩ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሠርግ ላይ ስለጣልኩ እኔም አባባም መቅሠፍት ይወርድብናል ብዬ ሁለት ቀን ጠበቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ዩሱፍ ራሳቸው መጡ። በአንድ እጃቸው ሙሸበክ የሚባል ጣፋጭ የሞላበት ሳህን ይዘዋል። በዘይት የተጠበሰ ነው፤ ለጾማችሁ አይከለከልም ብለው አስቀድመው ተናገሩ። በሌላው እጃቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አለ።

"አቶ ተሰማ፣ ይህን ለሠርጉ በረከት ብለው ያስቀመጡልን መስሎን በክብር ነው የያዝነው" አሉ። "ልጄ እስከ ሙሽራዋ ቤት ይዞት ሄደ። አሁን ግን ጌታዬ፣ ያለ እሱ እንዴት ይጸልያሉ ብዬ መለስኩት።"

አባባ ጨርቁን ፈቱ። መቋሚያውን አዩ። እኔን አዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም።

"በረከት ነው ሐጂ። ልክ ነዎት" አሉ።

ሐጂ ዩሱፍ ሁለት የታክሲ ባለንብረቶች ወንበር ሊያሰፉ እንደሚመጡ ነግረውን ሄዱ። አባባ መቋሚያውን ወደ ቦታው መልሰው ተቀመጡ። እኔ ከሙሸበኩ ሳልቀምስ ቆሜያለሁ።

"ጽጌ፣ ይኸ እንጨት በራሱ እግር ነው መኪና ላይ የወጣው?"

"ገዳም እንዳይሄዱ ብዬ ነው" አልኩ።

አባባ አልተቆጡም። ወደ ኋለኛው ክፍል ገብተው ጥቂት ቆዩና ቀዩን ቦርሳ ይዘው መጡ። "ለደብተርሽ ነው" አሉ። አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ልኬ ነበር። የማንገቻው ትርፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል። ስታድጊ ትፈቺዋለሽ አሉኝ።

በጣም አፈርኩ። ለእኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሲሰፉልኝ እኔ ሰውየውን ገዳም ልኬ፣ መቋሚያቸውን ሰርቄ፣ በጾም ዋሽቼ ነበር። ልጅ ሁሉን ነገር ወደ ክፉ ይተረጉማል ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ያን ሰሞን ባስታወስኩ ቁጥር በራሴ እስቅ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ቅቤው ለእኛ ሆነ። አባባ ገዳም አልገቡም። የመኪና ወንበር ሲሰፉ ነው ያረጁት።

ባለፈው ማክሰኞ ከባጃጁ ወርጄ ቤቴ ስገባ ቦርሳውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። የክርስትና ወረቀቴና ጥቂት ፎቶግራፎች ይቀመጡበታል። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል። ማንገቻውን ስይዘው ያረጀው ክር በእጄ ላይ ተበጠሰና እጥፋቱ ተፈታ። ታጥፎ የነበረው ክፍል ብርሃን ስላላየ ገና ደማቅ ቀይ ነው።

ጫፉ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። እንደ ጉንዳን መንገድ ተጠጋግተው በሁለት ረድፍ የተወጉ ናቸው። ማንገቻው ከመታጠፉ በፊት አንድ ጊዜ እዚያ ጫፉ ላይ ተሰፍቶ፣ በኋላ ተፈትቷል። ቆዳ ቢሆን ምልክቱ ይጠፋ ነበር።

ጫፉን በእጄ ከቦርሳው ጋር ገጥሜ አነገትኩት። ከወገቤ በታች ወረደ። አባባ ከአሁኑ ቁመቴ በአንድ ራስ ይበልጡ ነበር። ለእሳቸው ልክ ወገባቸው ላይ ያርፋል።

ያኔ አልተሳሳትኩም ነበር ማለት ነው፤ ቦርሳው መጀመሪያ የእሳቸው ነበር። ማንገቻውን መቼ እንዳሳጠሩት አላውቅም። ሙሜ በሄደ ማግሥት ይሁን፣ ወይስ እኔን ሱቁ ውስጥ አቁመው ወደ ኋለኛው ክፍል በገቡባት ጥቂት ጊዜ፣ የሚነግረኝ የለም። ብቻ አሳጥረውታል። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እፎይ አልኩ፤ አሁን የሆነ ይመስል።

ከዚያ መርፌና ክር አመጣሁ። ማንገቻውን እንደነበረው አጥፌ መልሼ ሰፋሁት። በእሳቸው ቀዳዳዎች ነው የሰፋሁት። አዲስ አልወጋሁም።